እንዴት ይሠራል? ከረቂቅ እስከ መደርደሪያ

ከመደርደሪያዎ ላይ አንድ ልብ ወለድ ያንሱ። ዛሬ አያነቡትም፤ ይቆጥሩታል። ሽፋኑን ትተው የውስጡን ገጽ በሙሉ ይቁጠሩ፤ ባዶ የተተዉትን፣ ቁጥር ያልተጻፈባቸውን፣ የመታሰቢያውን ገጽ፣ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለውንም ጭምር። ያገኙትን ለ16 ያካፍሉ። ብዙ ጊዜ ያለ ቀሪ ይካፈላል። አልካፈል ካለ ለ8፣ ከዚያም ለ4 ይሞክሩ።

ደራሲው ታሪኩን የጨረሰው 16 ሲሞላለት አይደለም። ቁጥሩ የመጣው ከማተሚያው ነው። የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ጽፎ በራሱ ወጪ ሊያሳትም ለተነሣ ሰው ይህ ቁጥር ብዙ ነገር ይወስንበታል፤ መጽሐፉ መቼ እንደሚወጣ ጭምር።

በአገራችን የልብ ወለድ ማሳተሚያ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከደራሲው ኪስ ነው። አርታኢውን፣ የገጽ ቅንብር ባለሙያውን፣ የሽፋን ሠዓሊውን፣ ማተሚያ ቤቱንና አከፋፋዩን የሚያገናኘው እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ የጊዜ ሰሌዳ ማውጣቱም የእሱ ሥራ ነው። እኔ የምመክረው ካላንደሩን ከመግለጥ በፊት መጽሐፉን አገላብጦ ማየት ነው። የትኛው ሥራ ከየትኛው ቀጥሎ መምጣት እንዳለበት ዕቃው ራሱ ይናገራል።

አንድ ወረቀት፣ ሦስት እጥፋት

ፎቶ ኮፒ የሚደረግበት ዓይነት አንድ ነጭ ወረቀትና እርሳስ ያምጡ። ወረቀቱን ለሁለት ያጥፉት። ያጠፉትን በሌላው አቅጣጫ እንደገና ለሁለት ያጥፉ። አንድ ጊዜ ደግሞ ይድገሙት። የመጨረሻው እጥፋት በግራዎ በኩል እንዲሆን አድርገው ይያዙ። ትንሽ ደብተር ሆነልዎ፤ ስምንት ቅጠል፣ 16 ገጽ። አንዱንም ሳይቀድዱ፣ ጠርዙን በጣትዎ ገለጥ ገለጥ እያደረጉ ከ1 እስከ 16 ቁጥር ይጻፉበት።

አሁን ይዘርጉት። ገጽ 1 ከ16 አጠገብ ተቀምጧል። 4 ከ13፣ 5 ከ12፣ 8 ከ9 ጋር ተጣምረዋል። ግማሾቹ ቁጥሮች ተዘቅዝቀዋል። ወረቀቱን ቢገለብጡት 2 ከ15፣ 3 ከ14፣ 6 ከ11፣ 7 ከ10 ጋር ናቸው። የየጥንዱን ድምር ያስሉ፤ ሁሌም 17 ነው።

ማተሚያው መጽሐፍዎን የሚያትመው ልክ እንዲህ ተበታትኖ ነው። በአንድ ትልቅ ወረቀት ፊትና ጀርባ ገጾቹ ተዘበራርቀውና ተዘቅዝቀው ይታተማሉ፤ ወረቀቱ ሲታጠፍ ሁሉም ተራውን ይይዛል። እንደ ማሽኑ ስፋት በአንድ ወረቀት ላይ 32 ገጽ የሚያርፍበት ጊዜም አለ። ይህን ባለ 16 ገጽ እጥፋት ጥራዝ እንበለው፤ የብራና መጻሕፍትም የሚሰፉት ጥራዝ በጥራዝ ነው። 320 ገጽ ያለው ልብ ወለድ 20 ጥራዝ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ በመጨረሻው ሰዓት «ገጽ 40 ላይ አንድ አንቀጽ ልጨምር» ቢሉስ? አንቀጹ 41ኛውን ይገፋል፣ 41ኛው 42ኛውን። የምዕራፉ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ ካለ ግፊቱ እዚያ ይቆማል። ከሌለ ግን አንድ ገጽ ይወለዳል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቦታውን ይለቃል፣ መጽሐፉም 321 ገጽ ይሆናል። ያች አንዲት ገጽ ብቻዋን መታተም ስለማትችል ቢያንስ አራት ገጽ ያለው ተጨማሪ ወረቀት ትፈልጋለች።

ፕሌት ከወጣ በኋላ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ፕሌት የሚባለው የገጾቹ ምስል የሚያርፍበት ስስ የአሉሚኒየም ሉህ ነው። በላዩ ላይ ፊደል ማረም አይቻልም፤ አንዲት ፊደል ለመቀየር ስምንቱንም ገጽ የያዘው ሉህ እንደገና ይሠራል፣ እንደገናም ይከፈልበታል።

ከዚህ ተነሥተን በሰሌዳው ላይ የመጀመሪያውን ቀን እናስፍር፦ ጽሑፉ የሚዘጋበት ቀን። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚነካው የፊደል ግድፈት ብቻ ነው። የምረቃውን ቀን አስቀድሞ የሚያውጅ ደራሲ ብዙ አይቻለሁ፤ ጽሑፉ የሚዘጋበትን ቀን አስቦ የቆረጠ ግን ጥቂት ነው። እኔን ከጠየቁኝ ሁለተኛው ይበልጣል።

ጀርባው ላይ ያለችው ርዕስ

አሁን ማስመሪያ ይፈልጉ። ከመጽሐፉ 100 ቅጠል፣ ማለትም 200 ገጽ፣ በጣትዎ ጨብጠው ይለኩ። ባለ 80 ግራም ወረቀት አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚወፍር 1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያገኛሉ። 500 ሉህ የያዘ አንድ እሽግ ወረቀት 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውም ለዚህ ነው። ቀለል ካለ ወረቀት ከሆነ ልኩ ያንሳል።

በዚህ ስሌት 320 ገጽ፣ 160 ቅጠል፣ 16 ሚሊ ሜትር ጀርባ ይኖረዋል። ሽፋን የሚሠራልዎ ባለሙያ የሚያዘጋጀው አንድ ወጥ ምስል ነው፤ የኋላው ገጽ፣ ጀርባው፣ የፊቱ ገጽ በአንድ ላይ። ለኤ5 መጠን 148 ሲደመር 16 ሲደመር 148፣ በድምሩ 312 ሚሊ ሜትር፤ ለቆረጣ የሚተወው ጠርዝ ለብቻው ይጨመራል።

ጽሑፉ አድጎ 352 ገጽ ቢሆን ጀርባው በ1.6 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ርዕሱ ከመሐል ይሸሻል፣ የፊቱ ሥዕል ወደ ጀርባው ይታጠፋል። ከመደርደሪያዎ ሦስት አራት መጽሐፍ አውጥተው ጀርባቸውን ቢያዩ አንዱ እንዲህ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ሠዓሊው ያላወቀው ነገር ቢኖር የገጹን ብዛት ነው።

ስለዚህ የፊቱ ሥዕል ቀደም ብሎ ሊሠራ ይችላል፤ ሙሉው ሽፋን ግን የገጽ ቅንብሩ አልቆ፣ የወረቀቱ ዓይነት ተወስኖ፣ የገጹ ቁጥር እስኪቆረጥ ይጠብቃል። ማተሚያ ቤቱ በዚያው ወረቀት፣ በዚያው የገጽ ብዛት ያልታተመበት ዱሚ እንዲያዘጋጅልዎ ይጠይቁና ውፍረቱን በእጅዎ ይለኩ።

ከመደርደሪያዎ ያወጡትን መጽሐፍ የሽፋን ሥዕል በስልክዎ ካሜራ በጣም አቅርበው ይዩት። ጥርት ያለ የመሰለው ቀለም የነጠብጣብ መንጋ ነው፤ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር። የስልክዎ ስክሪን ደግሞ ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው። በስክሪን ያማረ ሰማያዊ በወረቀት ላይ ደብዘዝ ቢል አይደንግጡ፤ ግን ሳያዩት አያሳትሙ። ለሽፋን ናሙና ሁለት ሦስት ቀን ሰሌዳው ላይ ይተዉ።

ጽሑፉ እስኪዘጋ

እስካሁን ያየነው የመጨረሻዎቹን ወራት ነው። ረጅሙ ጊዜ የሚሄደው ግን ከዚያ በፊት ነው።

ረቂቅ ከሊጥ አይለይም። ዛሬ ተቦክቶ ዛሬ የተጋገረ እንጀራ ምን እንደሚመስል የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እሳቱን ቢጨምሩለትም ሊጡ ቀኑን ካልቆየ አይሆንም። ሊጡ እስኪደርስ ግን ማንም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ሽንኩርቱ ይከተፋል፣ ወጡ ይሠራል። ረቂቁም ቢያንስ አንድ ወር ሳይነካ ይቀመጥ። በዚያ ወር አርታኢ ያፈላልጉ፣ ማተሚያ ቤት ይጎብኙ፣ የሰዎቹንና የቦታዎቹን ስም ዝርዝር ያውጡ።

ዝርዝሩ ለምን? ይህን ይሞክሩ። ስልክዎ ላይ ኃይሉ የሚለውን ስም በስድስት ዓይነት ይጻፉት፦ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሓይሉ፣ ኀይሉ፣ ኃይሉ። ከዚያ በመፈለጊያው አንዱን ይፈልጉ። አብዛኛው መፈለጊያ የሚያመጣልዎ ያንኑ አንዱን ብቻ ነው። ለጆሮ አንድ የሆነው ለማሽኑ ስድስት ነው።

በ300 ገጽ ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይዞ ሊዞር ይችላል፤ ዓለምና አለም፣ ፀሐይና ጸሀይ፣ ሠራና ሰራ ሲጨመሩ ደግሞ አራሚው ሳምንታት ይፈጅበታል። አንድ ገጽ ዝርዝር አውጥተው «በዚህ መጽሐፍ እንዲህ እንጽፋለን» ብለው ለተየቢው፣ ለአርታኢውና ለገጽ ቅንብሩ ባለሙያ ቢሰጡ ያን ሁሉ ጊዜ ይቆጥባሉ።

ቀጥሎ የራስዎ እርማት ይመጣል። አንድ ገጽ ጮክ ብለው ያንብቡና ሰዓት ይያዙ። ሦስት ደቂቃ ከፈጀብዎ 320 ገጽ 960 ደቂቃ፣ ማለትም 16 ሰዓት ነው። ከሥራ ገብተው በየማታው አንድ ሰዓት ቢያገኙ 16 ማታ። ይህ ታዲያ ሳይቆሙ ማንበብ ብቻ ነው፤ እያስተካከሉ ሲሆን ጊዜው ቢያንስ እጥፍ ይሆናል። የራስዎን ፍጥነት ለክተው ያባዙ፤ ከማንኛውም ምክር ይልቅ ያ ቁጥር ለእርስዎ ሰሌዳ ታማኝ ነው።

ጮክ ብሎ ማንበቡ የምላስን መሰናክል ያሳያል። የፊደል ግድፈት ለመያዝ ግን ሌላ ዘዴ አለ፦ ገጹን ከታች ወደ ላይ፣ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጀምረው ያንብቡ። ታሪኩ ሲቋረጥ ዐይን «ቀጥሎ የሚመጣውን» እየገመተ መዝለሉን ይተዋል። አሁኑኑ በአንድ ጋዜጣ ላይ ቢሞክሩት ልዩነቱን ያዩታል።

ከዚያ በኋላ የሚያነቡልዎ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ወዳጆችዎ ታሪኩ የት እንደሰለቻቸው ይነግሩዎታል፤ ለዚህ አንድ ወር ከምናምን ይስጧቸው፣ የሚመልሱበትንም ቀን አስቀድመው ይንገሯቸው። አርታኢው ግን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይሄዳል። ለ300 ገጽ ሁለት ወር ቢጠይቅዎ አይገረሙ፤ በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ የሚልዎን ይልቅ ይጠርጥሩ። አርታኢው ከጨረሰም በኋላ የእርስዎ ሥራ አላለቀም። ያነሣቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መመለስ ሌላ ወር ይወስዳል። ብዙ ሰው ሰሌዳ ሲያወጣ የሚረሳው ይህን ወር ነው።

ጽሑፉን ለገጽ ቅንብር ከማስረከብዎ በፊት አንድ መስመር ገልብጠው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉ። አማርኛው እንዳለ ከታየ ጽሑፉ በዩኒኮድ ነው። የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ከሆነ ግን በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተተየበ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ በፊት የተለመደው አሠራር አንዳንድ ቢሮ ውስጥ ዛሬም አለ። ይቀየራል፤ ሲቀየር ግን ፊደል ሊዘል ስለሚችል አንድ ዙር እርማት ይጨምሩበት።

ጎን ለጎን የሚሄዱት

አርታኢው ሲያነብ ወጥዎን የሚሠሩበት ጊዜ ነው። ለፊት ሽፋኑ ሥዕል ሐሳብ ይስጡ፤ የጀርባ አስተያየት የሚጽፉልዎን ሰዎች ይጠይቁ፤ ሰው ሁሉ ወመዘክር ከሚለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የአይኤስቢኤን ቁጥር ይጠይቁ። በ1991 የወጣው አዋጅ ቁጥር 179 አሳታሚው ከታተመው ላይ ለቤተ መጻሕፍቱ ቅጂ እንዲያስገባ ስለሚያዝ ከሕትመቱ ላይ ለዚያ የሚሆን ያስቀሩ።

የአይኤስቢኤን ቁጥር ራሱ ብልሃተኛ ነው። 13 አሃዝ ያለበትን አንድ መጽሐፍ ይምረጡ፤ ከ1999 በፊት የወጡት 10 አሃዝ ናቸው። የመጀመሪያውን አሃዝ በ1፣ ሁለተኛውን በ3፣ ሦስተኛውን በ1፣ አራተኛውን በ3 እያሉ እስከ መጨረሻው ያባዙና ይደምሩ። ድምሩ በዜሮ ያበቃል። አሁን አንዱን አሃዝ ብቻ ቀይረው ይድገሙት፤ በዜሮ ማብቃቱ ይቀራል። መጽሐፍ ሻጩ አንድ ቁጥር ቢሳሳት ኮምፒውተሩ ወዲያው ያውቃል። 978 «ይህ መጽሐፍ ነው» ሲል፣ ቀጥሎ የሚመጣው 99944 «የኢትዮጵያ ነው» ይላል። ቁጥሩ ሽፋኑ ላይም ውስጡም ስለሚታተም ከጽሑፉ መዝጊያ ቀን በፊት እጅዎ መግባት አለበት።

የቅጂ መብቱ ግን ቀን አያስጠብቅዎትም። በ1996 በወጣው አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት መብቱ የሚጀምረው ሥራው ከተፈጠረ ጊዜ አንሥቶ ነው፤ ደራሲው በሕይወት እስካለና ካረፈም በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። ማስመዝገቡ ለማስረጃ ይጠቅማል።

ማተሚያ ቤት ሲገቡ

1,000 ቅጂ ባለ 20 ጥራዝ መጽሐፍ 20,000 ጥራዝ ነው። የኦፍሴት ማሽን በሰዓት በሺዎች የሚቆጠር ወረቀት ያትማል፤ ማተሙ ብቻውን የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ሳምንታቱን የሚበሉት ሌሎች ናቸው፦ ወረፋው፣ ማጠፉ፣ ጥራዞቹን በተራ መሰብሰቡ፣ ሙጫው፣ ቆረጣው፣ የሽፋኑ ላሚኔሽን። ለዚህ ሁሉ ስድስት ሳምንት ይያዙ።

ወረቀት ከውጭ ስለሚገባ ዋጋው አይረጋም፤ ፕሮፎርማ የሚጸናውም ለአጭር ጊዜ ነው። ጽሑፉ ሳይዘጋ የተሰበሰበ ፕሮፎርማ ለግምት እንጂ ለውል አይሆንም። ለፕሌትና ለማሽን ዝግጅት የሚከፈለው ደግሞ አንድ ቅጂም ሆነ አንድ ሺህ ያው ነው። ለስሌት ያህል 100,000 ብር ነው ብንል፣ 500 ቅጂ ላይ በእያንዳንዱ 200 ብር፣ 2,000 ቅጂ ላይ 50 ብር ያርፋል። ቢሆንም የመጀመሪያ መጽሐፍ ነውና አልጋ ሥር ተከምሮ እንዳይቀር፣ ዋጋው ርካሽ ሆነ ብለው ቁጥሩን አያብዙ።

ከክረምቱ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ማተሚያ ቤቶች በመማሪያ መጻሕፍት፣ በደብተር፣ በካላንደርና በአጀንዳ ይወጠራሉ። ለእንቁጣጣሽ ይድረስልኝ ያለ ደራሲ የሚሰለፈው ከእነዚህ ሁሉ ኋላ ነው። ለእንቁጣጣሽ ካሉ ሰኔ መጀመሪያ ላይ መግባት፤ ካልሆነም እስከ መስከረም አጋማሽ መታገሥ ይሻላል።

ወራቱን እንደርድራቸው

ረቂቁ መስከረም መጨረሻ ላይ አለቀ እንበል። ጥቅምት ያርፍ። ኅዳርና ታኅሣሥ የራስዎ እርማት። በጥር ለወዳጆች ይሰጣል፤ ጥምቀት መሐሉ ስለሚገባ እስከ የካቲት አጋማሽ ይጠብቋቸው። ከዚያ እስከ መጋቢት መጨረሻ እንደገና ይጽፋሉ። ሚያዝያና ግንቦት የአርታኢው ናቸው፤ ፋሲካም ብዙ ጊዜ እዚያው ይውላል። ሰኔ ለጥያቄዎቹ መልስ። ሐምሌ የገጽ ቅንብርና የመጀመሪያ እርማት፣ ነሐሴ ሁለተኛ እርማትና ሙሉው ሽፋን። ጳጉሜን ለሚጓተተው ሁሉ ትሁን። መስከረም ላይ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይታተማል፣ ኅዳር ላይ ይመረቃል።

አሥራ አራት ወር ገደማ ነው። ሙሉ ቀን የሚሠራ፣ ቤተሰብ ያለው ሰው ሊኖርበት የሚችል ሰሌዳ ይህ ይመስለኛል። በስድስት ወር ያወጡ አሉ፤ ያጠፉት ግን ብዙውን ጊዜ የአርታኢውን ወራት ነው፣ ያም ገጾቹ ላይ ይታያል።

የምረቃ ካርድ የሚበተነው መጽሐፉ እጅዎ ሲገባ ነው። ወመዘክርም ሆነ ሌላ አዳራሽ ቀን ሲያስይዙ፣ ማተሚያ ቤቱ ቃል ከገባው ቀን ላይ ሦስት ሳምንት ይጨምሩ።

መጻሕፍቱን ሲረከቡም ከየእሽጉ ጥቂት ቅጂ እየመዘዙ ያገላብጡ። ከገጽ 112 ቀጥሎ እንደገና 97 የሚመጣበት፣ ከ113 እስከ 128 ያለው የጠፋበት መጽሐፍ አጋጥሞዎት ያውቅ ይሆናል። አሁን ምክንያቱን ያውቁታል፦ ሰባተኛው ጥራዝ ሁለት ጊዜ ገብቶ ስምንተኛው ቀርቷል። አንባቢ ከማግኘቱ በፊት እርስዎ ካገኙት ማተሚያ ቤቱ ይቀይርልዎታል፤ ውሉ ላይም ይህ ይጻፍ።

ገንዘቡ በምረቃው ማግስት አይመለስም። አከፋፋይና መጽሐፍ ቤት የሚቀበሉት በኮሚሽን ነው፤ ከሸጡ በኋላ ሒሳብ ይተሳሰባሉ፣ ያም ወራት ይፈጃል። ስለዚህ የተበደሩት ካለ የመመለሻውን ቀን ከምረቃው ቢያንስ ስድስት ወር ያርቁት። ለማን ስንት ቅጂ፣ በየትኛው ቀን እንደሰጡም ደረሰኝ እየያዙ ደብተር ላይ ያስፍሩ።

አንድ ነገር ደግሞ የገጽ ቅንብሩን የመጨረሻ ክፍያ ሳይፈጽሙ ይቀበሉ፦ ፒዲኤፉን ብቻ ሳይሆን የሚታረመውን ዋናውን ፋይል ከነፊደላቱና ከነሽፋኑ። ፍላሽ ላይም ኢሜይልዎ ላይም ያስቀምጡት። ከራስዎ ቅጂ በአንዱ ላይ አንባቢዎች የሚነግሩዎትን ግድፈት በእርሳስ እያሰፈሩ ከቆዩ፣ ሁለተኛው እትም ሲመጣ ሥራው ከዚያ ፋይል ይጀምራል፤ በጥቂት ሳምንታትም ያልቃል።